አልጋው እንዳይቀዘቅዝ

"እማማ ልውውጥ" የምንላቸው ሴት ሊሸለሙ ነው የተባለ ሰሞን የተማሪ ልውውጥ ቢሮው ውስጥ ሥራ የሚባል ነገር ቆመ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአገሩን ልጆች ወደ ባሕር ማዶ ሲልኩ፣ የባሕር ማዶ ልጆችን ሲቀበሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ስንት አገር የሚያውቀው ማኅበር ያስታወሳቸው ግን ጡረታ ወጥተው ጉልበታቸው ከደከመ በኋላ ነው። ይሁን፣ ሳይሞቱ ማስታወሱም አንድ ነገር ነው። ሙት ማወደስ የለመደ ሰው በሕይወት ያለውን ሲያመሰግን ግራ ይገባዋል መሰለኝ፣ አዳራሽ ተመረጠ፣ ተሰረዘ፣ እንደገና ተመረጠ። የአበባው ቀለም ብቻውን ሁለት ስብሰባ በላ።

ንግግር እንድታደርግ የተመደበችው እንግዳ ናት። "እንግዳ" የወጣላት ስም እንጂ እናቷ ያወጣችላት አይደለም። በአሥራ ሰባት ዓመቷ በተማሪ ልውውጥ መጥታ እማማ ቤት ስታርፍ፣ የእማማ ታናሽ ወንድም ጋሼ ማዕድ በቀረበ ቁጥር "እንግዳ ትቅደም!" እያሉ ይቀልዱባት ነበርና በዚያው ቀረ። ዛሬ ፀጉሯ ሸብቷል። አዲስ ለሚመጡት ተማሪዎች ቋንቋ የምታስተምረው እሷ ናት። ስትቆጣም ስትቀልድም ስትራገምም ከየት መጣሽ የሚላት የለም፣ ስሙ ብቻ አልለቅ አላት። የፕሮግራሙ ወረቀት ታትሞ ሲመጣ "ንግግር፦ በልጃቸው" የሚለውን መስመር ደጋግማ አነበበችው። ትዳር ሞክራ አልሆነላትም፣ ልጅ አልወለደችም፣ ርስት የላትም። በዓለም ላይ ያላት ነገር ያቺ አንዲት ቃል ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ እንዲገባችሁ የእማማን ደንብ ልንገራችሁ። ልጁን የሸኘ ቤት አልጋው አንድ ሌሊት እንኳ ባዶ አያድርም። አንዱ ጠዋት ከሄደ ሌላው በዚያው ቀን ይገባል። በአልጋው ይተኛል፣ በወንበሩ ይቀመጣል፣ ዕቃ የማጠብ ተራውን ይረከባል፣ እናትየውንም እናቴ ይላል። "አልጋው እንዳይቀዘቅዝ" ይሉ ነበር እማማ፣ ሌሎች ቢሮዎች በወራት የሚጨርሱትን እሳቸው በሰዓት ሲሠሩት። ሁለተኛው ደንብ ከዚህ የሚወጣ ነው። አንዱ ካልተመለሰ ሌላው አይመለስም፣ አንዱ ሲመለስ ግን ሌላው ይሄዳል። አንዲት እናት ሁለት ልጅ ይዛ ሌላዋ ባዶ ቤት ልትቀመጥ አይገባም ባይ ናቸው። ማን ይህን ይቃወማል? ለሸላሚዎቹም ደስ ያላቸው ይኸው ነበር።

ደንቡን የጀመሩት በራሳቸው ቤት ነው። አንዲት ልጃቸውን ወደ እንግዳ እናት ቤት ላኩ፣ በእሷ ምትክ እንግዳ መጣች። ሁለቱ ልጆች አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ተላልፈዋል። እንግዳ የምታስታውሰው በወዲያኛው በኩል ሻንጣ ይዛ ቆማ ያየቻትን አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ልጅየዋ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ብላ ቆየች፣ ደንብ ነውና እንግዳም ቆየች። ከዚያ ሥራ አገኘች ተባለ፣ ከዚያ ሌላ ምክንያት መጣ፣ በቤቱ ውስጥ ስሟ ቀስ በቀስ ቀርቶ "የሄደችው" ተባለች። ከባሕር ማዶ የሚደወለውም ስልክ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ በኋላ በየአዲስ ዓመቱ፣ ከዚያም ቀረ። የእንግዳ ወላጅ እናት በመጨረሻዎቹ ጥሪዎች ስለሄደችው ስታወራ "ልጃችን ደህና ናት፣ አታስቢ" ትላት ነበር። እንግዳ ያን ጊዜ አልከፋትም፣ እሷም እዚህ እናት ነበራት።

በዓሉ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት አዲሱ ኃላፊ ወደ እንግዳ ማስተማሪያ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ኃላፊነቱን ከያዘ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬም "አዲሱ" ነው የሚባለው፣ ከእማማ በኋላ የመጣ ሁሉ አዲስ ነው። ፊቱ በደስታ ፈክቷል። በባሕር ማዶው ቢሮ በኩል አፈላልጎ የሄደችውን እንዳገኛት፣ ትኬት እንደተቆረጠላት፣ እማማ እስክትመጣ ድረስ ምንም እንዳይሰሙ ነገራት። ከዚህ የበለጠ ስጦታ ይኖራል ወይ ብሎ ጠየቃት። እንግዳ የለም አለችው፣ ደግሞም እውነቷን ነበር። እሱ ከወጣ በኋላ ግን ተቀምጣ እጇን አየች፣ የቀዘቀዘው ለምን እንደሆነ አልገባትም።

የሄደችው የመጣችው በምሳ ሰዓት ነው። ወፍራም ካፖርት የለበሰች፣ ከእንግዳ ጋር እኩያ የሆነች፣ ዓይን አፋር ሴት። እማማ በሩን ከፍተው ሲያዩዋት አልጮኹም፣ አልወደቁም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዋን ያዙና፣ ለዚያ ሁሉ ዘመን ለሚመጣ ተማሪ ሁሉ እንደሚያደርጉት ቃሉን እየለያዩ፣ ቀስ ብለው፣ "እንኳን፣ ደህና፣ መጣሽ። ይህ፣ ቤትሽ፣ ነው" አሏት። የሄደችው መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ከእናቷ ጡት የጠባችው ቋንቋ ተሰባብሮ ወጣ፣ "አመሰግናለሁ" የሚለውን ብቻ መሃሉን ውጣ ተናገረችው። ጋሼ ዕንባቸውን እየጠረጉ "ይቺን ደግሞ ማን ብለን እንጥራት? እንግዳማ ተይዟል" አሉ፣ ሁሉም ሳቀ።

ማዕድ ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። የሄደችው በልታ ስትጨርስ ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ በእጇ ጠርዝ ሰበሰበች፣ መዳፏ ላይ አደረገች፣ ጥቂት አየችው፣ ከዚያ ሳህኑ ላይ አራግፋ በአፍንጫዋ "ህም" አለች። እንግዳ መብላቷን አቆመች። ይህን የምታደርግ አንዲት ሴት ታውቃለች፣ ባሕር ማዶ፣ በልጅነቷ ቤት፣ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ የምትቀመጥ። የወለደቻት እናቷ ናት። ከዚያ በኋላ ዓይኗን መንቀል አቃታት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ማዳመጧ፣ ስትስቅ እጇን ደረቷ ላይ ማሳረፏ፣ ስትነሳ ወንበሩን በሁለት ጣት መግፋቷ፣ ሁሉም የዚያች ሴት ነው። የእናቷን አካሄድ በሌላ ሴት ገላ ላይ ማየት ልብ ያሸብራል፣ ያውም በቀን ብርሃን፣ ሰው ሁሉ እየሳቀ።

"ጋሼ፣ እስቲ ያንን..." አለችና እንግዳ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ቃሉ የለም። ነገሩን ታየዋለች፣ ከጋሼ ሳህን አጠገብ ተኝቷል፣ ይበሉበታል፣ ያማስሉበታል። ጋሼ ድምፃቸውን ጎላ አድርገው "ያንን ምኑን? ሽልማቱ ሳይደርስ ጃጀሽ እንዴ?" አሏት። የሄደችው ፊቷ በራ፣ ብድግ አደረገችና ለእንግዳ እያቀበለቻት፣ ጥርት ባለ አነጋገር፣ "ማንኪያ" አለች።

በማግስቱ ማለዳ እንግዳ ከክፍል ገባች። ከአምስት አገር የተሰባሰቡ ልጆች ፊቷ ተቀምጠዋል። ዛሬን፣ ትናንትን፣ ነገን የምታስተምርበት ቀን ነበር፣ ይህን ትምህርት ተኝታም ታስተምረዋለች። ሰሌዳው ላይ "ዛሬ" ብላ ጻፈች፣ "ትናንት" ብላ ጻፈች፣ ጠመኔውን እንደያዘች ቆመች። የሚቀጥለው ቀን ምን እንደሚባል አጣችው። ልጆቹ ይጠብቃሉ፣ አንዷ ተማሪ አዝናላት ይሁን አይታወቅም በራሷ ቋንቋ ተናገረችው። እንግዳ ራሷን አሟታል ብላ ለቀቀቻቸው። ደክሞኝ ነው፣ የበዓሉ ሩጫ ነው፣ ስትል ራሷን አባበለች፣ ሰው ራሱን ሲያባብል መቼ ቃል ቸግሮት ያውቃል።

ቤት ስትደርስ የሄደችው ወጥ ቤት ቆማ ከጋሼ ጋር ስታወራ ከበር ሰማቻት። ወሬዋ ይፈስሳል፣ ትቀልዳለች፣ ጋሼ እየተንከተከቱ ነው። ትናንት የተሰባበረው ቋንቋ በአንድ ቀን የት እንደተጠገነ ማንም አልጠየቀም። የእንግዳ ክፍል ተከፍቶ አልጋው ላይ ወፍራሙ ካፖርት ተጋድሟል። የእሷ ልብሶች ታጥፈው ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ አይተዋት "እማማ ናት፣ ልጅቷ መንገድ ደክሟታል ብላ ነው፣ ለጊዜው ነው" አሏትና ምክንያት ፈልገው ወጡ።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። እንግዳ ልትጠይቃት የፈለገችውን በዚህ አገር ቋንቋ አሰበችው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ጎደለባት። በልጅነቷ ቋንቋ ሞከረችው። ስንት ዘመን ያልነካችው ቋንቋ ትናንት እንዳስቀመጠችው ሁሉ ሙሉ ሆኖ ወጣላት፣ ይኸም ደስ አላሰኛትም።

"እናቴ እንዴት ናት?" አለቻት።

የሄደችው ኩባያውን ማጠቧን አላቆመችም። "እናቴ ባለፈው ክረምት ሞተች" አለች፣ በዚያው ቋንቋ።

እንግዳ የጠረጴዛውን ጫፍ ያዘች። ማን ቀበራት ብላ ጠየቀች። የሄደችው ጥያቄው የገረማት መሰለች፣ እኔ፣ ልጇ አይደለሁም ወይ አለቻት። ለምን አልነገርሽኝም ስትላትም ያኔ ስልክሽን የሚያውቅ አልነበረም፣ ደግሞ እዚህ እናት አለሽ ብዬ ነው አለቻት። ክፋት አልነበረባትም፣ ፊቷ ላይ ተንኮል ቢኖር ለእንግዳ በቀለላት።

"በመጨረሻ ላይ ... እኔን አላነሳችም?"

"አንቺን?" የሄደችው ኩባያውን ደፍታ እጇን አደረቀች። "አጠገቧ ነበርኩ እኮ። ልጄን ጥሩልኝ ስትል እጄን ሰጠኋት፣ ይዛው ተኛች።"

እንግዳ አለቀሰች። ለየትኛው እንዳለቀሰች ራሷም አታውቅም፣ እናቷ ስለሞተች ይሁን፣ የሌላ ሴት እጅ ይዛ ስለሞተች። የሄደችው አቀፈቻት፣ አስተቃቀፏም የዚያችው ሴት ነበር። የእንግዳ የልጅነት ቤት ሽታ ከሴትዮዋ አንገት ይመጣል። እንግዳ መሸሽም መጠጋትም አቃታት።

የሽልማቱ ቀን ጠዋት እማማ ራሳቸው ቀሚሷን ሊያስተካክሉላት ሶፋው ድረስ መጡ። እንግዳ ለዚህ ሰዓት ስትል የቀሩላትን ቃላት ሌሊቱን ሙሉ ጨብጣ ነበር ያደረችው፣ እንዳያመልጧት። ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ አወጣቻቸው።

"እማዬ፣ ቃል እየጠፋኝ ነው።"

እማማ አልደነገጡም። ኮሌታዋን በሁለት ጣት እየለጠጡ፣ "መመለሻ ሲደርስ እንዲህ ያደርጋል" አሏት። "ሁሉም ልጆች ይሉታል። መጀመሪያ የዕቃ ስም ይጠፋቸዋል፣ ከዚያ በአገራቸው ቋንቋ ያልማሉ። ደግ ምልክት ነው።"

"የማን መመለሻ?"

ኮሌታው ላይ ያሉት ጣቶች ቆሙ። እማማ የቀጠሮ ቀን ለወላጅ ሲነግሩ የሚናገሩበት ድምፅ አላቸው፣ የማይቸኩል፣ የማይለመን። እሱን አወጡት። "ልጄ ተመልሳ የለ እንዴ?" አሉ።

"እናቴ ሞታለች፣ እማዬ። ወዴት ነው የምመለሰው?"

"ሞታለችና ነው የምቸኩለው። ከእሷም ከልጄም ወዲህ ያ ቤት ሰው አልገባበትም፣ አልጋው ቀዝቅዟል።" ዓይናቸው ዕንባ ሞልቷል፣ እጃቸው ግን የቀሚሷን ቁልፍ ቀጥ አድርጎ ቆለፈ። "አንቺን አንድ ጊዜ ብደብቅሽ የሰውን ልጅ ሁሉ በምን አፌ መልሱ እላለሁ? እንዲህ ብዬ ነው የኖርኩት።"

እምቢ ልትል ፈለገች። እምቢ የሚለውን ቃል ፈለገችው፣ ፈለገችው፣ ከነበረበት ተነስቶ ሄዷል።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ባሕር ማዶ ደርሰው የተመለሱ ሐኪሞች፣ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ ከነልጆቻቸው ተቀምጠዋል። የማኅበሩ ሰዎች ከፊት ተደርድረዋል። እንግዳ ዙሪያዋን ስታይ፣ ቀድሞ ልብ ያላለችውን አየች። የተመለሱት ሁሉ፣ ሳቁም ዝም አሉም፣ ወላጆቻቸውን ሲያዩ የሰው ቤት እንደገባ ሰው ተጠንቅቀው ነው። አንድ የሸመገለ አባት የሐኪም ልጁን እጅ ይዞ፣ ልጁ ዞር ባለ ቁጥር ፊቱን ሰርቆ ያየዋል፣ ልጁ መሆኑን ሊያረጋግጥ የፈለገ ይመስላል። እንግዳ ይህን አይታ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

አዲሱ ኃላፊ "ልጃቸው" ብሎ ሲጠራ ያቺን ቃል አወቀቻት። ተነስታ መድረኩ ላይ ወጣች፣ ወረቀቷን ዘረጋች። በእጇ የጻፈችው ነው፣ ስንት ሌሊት ያረቀቀችው። ፊደሎቹ ግን ጌጥ ብቻ ሆኑባት፣ ቆንጆ፣ የተጠማዘዙ፣ ምንም የማይሉ። ቀና ብላ ሕዝቡን አየች፣ ሕዝቡም አያት፣ ከኋላ አንድ ሰው ሳለ። ያን ጊዜ የሄደችው ከፊት ወንበር ተነሳች። ደረጃውን ወጥታ፣ ከጎኗ ቆማ፣ ወረቀቱን በእርጋታ ከእጇ ወሰደችና ማንበብ ጀመረች። አነበበችው ሳይሆን ተናገረችው። እንግዳ ከልቧ አውጥታ የጻፈችውን ሁሉ፣ እናትነቱን፣ ታማ ያስታመሟትን፣ መጀመሪያ "እማዬ" ያለችበትን ቀን፣ የሄደችው ስትናገረው ሰው ሁሉ አለቀሰ። ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። እንግዳም አጨበጨበች፣ ሌሎች ሲያጨበጭቡ ማጨብጨብ ተገቢ መሆኑን ከመጣች ጊዜ ጀምሮ ታውቃለች።

እማማ ዋንጫውን ተቀብለው ጥቂት ተናገሩ። እንግዳ የያዘችው ዜማውን ብቻ ነው። ሲጨርሱ ሁለት እጃቸውን አንድ ላይ ገጥመው ወደ ሕዝቡ አሳዩ፣ አንድ የቀረ ነገር ተዘጋ እንደማለት፣ ሕዝቡም ቆሞ አጨበጨበ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ተመለሱ። ኮሪደሩ ላይ ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ ቆሟል። እማማ ናቸው ያዘጋጁት፣ ሻንጣ ሲያዘጋጁ የሚስተካከላቸው የለም፣ ከባዱን ከታች፣ ለመንገድ የሚያስፈልገውን ከላይ። ጋሼ የመኪናውን ቁልፍ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። እንግዳን ሲያዩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በእጃቸው እያሳዩ፣ ቃሉን እየለያዩ አንድ ነገር ነገሯት፣ መስማት ለተሳነው ሰው እንደሚናገሩ። ቀልድ መሆኑን ከፊታቸው አወቀች፣ ፈገግ አለችላቸው። እሳቸው ግን ፈገግታዋን ሲያዩ ፊታቸውን አዙረው በእጃቸው ጀርባ አፋቸውን ያዙ።

እንግዳ ሮጣ የእማማን እጅ ያዘች። አልሄድም፣ ሌላ ቤት የለኝም፣ ሶፋው ይበቃኛል፣ ወጥ ቤትም ብተኛ ይበቃኛል፣ አልጋውን ትውሰደው፣ ወንበሩንም ትውሰደው፣ ብቻ አንቺን እማዬ ልበልሽ፣ ይህን ሁሉ ለመነች። ከአፏ የወጣው ግን ከሄደችው በቀር እዚህ ቤት ማንም የማይሰማው ቋንቋ ነው። እማማ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንግዳ ያንን መነቅነቅ ታውቀዋለች። ምንም ሳይገባቸው፣ ልጁ እንዳይከፋው፣ ለሚሄድ ልጅ ሁሉ ሲነቀንቁት አጠገባቸው ቆማ ስንት ጊዜ አይታዋለች።

ከዚያ እማማ ፊቷን በሁለት መዳፋቸው ያዙና ተናገሩ። ረጅም ነበር። ድምፃቸው ተሰበረ፣ ቆሙ፣ እንደገና ቀጠሉ። ዕንባቸው አገጫቸው ላይ ወረደ። እንግዳ ከንፈራቸውን እያየች አንዲት ቃል፣ አንዲት ብቻ ለመያዝ ሞከረች፣ አልያዘችም። ዞር ብላ በሩን የተደገፈችውን ሴት አየች።

"ምን አለችኝ?" ብላ በልጅነቷ ቋንቋ ጠየቀቻት።

የሄደችው እማማን አዳመጠች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ። ከዚያ በደግነት፣ ቃል እንዳይዛባ ተጠንቅቃ፣ ተረጎመችላት።

"እንደ ልጄ ነበርሽ እያለችሽ ነው።"